ኦስካር ሚሾ፤ ፊልሙን በየደጁ ይዞ የዞረ ሰው

በዚህ መጽሔት ላይ የታላላቅ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ ማቅረብ ከእኛ በፊት ከነበሩት ተማሪዎች የወረስነው ልማድ ነው። ነገሥታትና የጦር መሪዎች፥ ሊቃውንትና ሐኪሞች በየተራቸው ተጽፎላቸዋል። እኔ ዘንድሮ የመረጥሁት ሰው ግን ዙፋን ያልነበረው፥ ጦር ያልመራ፥ የዩኒቨርሲቲ ደጅ ያልረገጠ፥ በሞተም ጊዜ አገሩ እምብዛም ያላሰበው አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ስሙ ኦስካር ሚሾ ይባላል፤ ሥራውም ፊልም መድረስና ማዘጋጀት ነበር።

ስለ እርሱ እንድጽፍ ያነሣሣኝን ምክንያት አስቀድሜ ልናገር። ባለፈው ዓመት እኔና አምስት የድራማ ክበብ ጓደኞቼ ለትምህርት ወደ ከተማ ስለ መጣች አንዲት የገጠር ልጅ አጭር የፊልም ድርሰት ጽፈን ነበር። ድርሰቱ ካለቀ በኋላ ግን ጥሩ ካሜራ የሚያውሰን፥ በገንዘብ የሚረዳን፥ በርቱ ብሎም የሚፈቅድልን ሰው እስኪገኝ ድረስ እንጠብቅ ተባባልን። ስንጠብቅ ፋሲካ አለፈ፤ ስንጠብቅ ፈተና ደረሰ፤ በመጨረሻም ክረምት ገባና ድርሰቱ በደብተሬ ውስጥ ታጥፎ ቀረ። ትምህርት በተዘጋበት ቀን የክበባችን ኀላፊ የሆኑት መምህር ማንን ስንጠብቅ እንደ ከረምን ጠየቁኝ። የምመልሰው ባጣሁ ጊዜ በቍራጭ ወረቀት ላይ የአንድ ሰው ስም ጽፈው ሰጡኝና ክረምቱን ስለዚህ ሰው እንዳነብ አዘዙኝ። ከዚህ በታች የምተርከው በዚያ ክረምት ያነበብሁትንና ያየሁትን ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስታውቃለሁ።

ኦስካር ሚሾ ጃንዋሪ 2 ቀን 1884 ዓ.ም. በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት፥ ሜትሮፖሊስ በምትባል ከተማ አጠገብ ተወለደ። ለወላጆቹ ከወለዷቸው 13 ልጆች አምስተኛው ነበር። አባቱ በኬንታኪ ባሪያ ሆኖ የተወለደ ሰው ሲሆን፥ ባርነት ከተሻረ በኋላ በእርሻ ሥራ ይተዳደር ነበር። እናቱም ልጆቿ ፊደል እንዲቈጥሩ እጅግ ትደክም ነበር። ልጁ ኦስካር በእርሻው ሥራ ላይ ልቡ እንደማይውል አባቱ ባየ ጊዜ፥ የጓሮውን ምርት ወደ ከተማ ወስዶ እንዲሸጥ አዘዘው። እንደ ቅጣት የታዘዘው ይህ ሥራ ግን ለልጁ ታላቅ ትምህርት ቤት ሆነ። ሰውን ፊት ለፊት አይቶ ማነጋገርን፥ አልፈልግም ያለውንም ገዢ ሳይሰለቹ ማግባባትን ከዚያ ተማረ። ኋላ የምናየው ሥራው ሁሉ የቆመው በዚህ ችሎታ ላይ ነው።

ዕድሜው 17 ዓመት ሲሆን ወደ ቺካጎ ከተማ ሄደ። እዚያም በከብት ማረጃ ግቢ የጉልበት ሥራ ሠራ፤ ጫማም ጠረገ። ከዚያ በኋላ ፑልማን በሚባለው ኩባንያ የመኝታ ባቡሮች ላይ አስተናጋጅ ሆኖ ተቀጠረ። በዚያ ዘመን ይህ ሥራ ለአንድ ጥቁር ወጣት እንደ መልካም ዕድል የሚቈጠር ነበር። የተሳፋሪዎችን አልጋ እያነጠፈና ሻንጣቸውን እየተሸከመ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር አየ። ሀብታሞቹ ተሳፋሪዎች ስለ መሬትና ስለ ንግድ ሲጫወቱ ይሰማ ነበር። ሌሎች ወጣቶች ደመወዛቸውን በየመሸታ ቤቱ ሲያጠፉ እርሱ ሳንቲም በሳንቲም ላይ እያስቀመጠ ካጠራቀመ በኋላ፥ በ20 ዓመት ዕድሜው ገደማ መሬት ለመግዛት ተነሣ።

መሬቱን ያገኘው በደቡብ ዳኮታ፥ ግሪጎሪ በሚባለው አውራጃ ነበር። ይህ አገር ቀድሞ የላኮታ ሕዝብ ይዞታ ሆኖ የኖረ ሲሆን፥ መንግሥት ከእነርሱ ወስዶ ለአዲስ ሰፋሪዎች ከፍቶት ነበር። አንድ ሰፋሪ የሚደርሰው ይዞታ 160 ኤከር፥ ማለትም ወደ 65 ሔክታር ያህል ነው። በዚያ ሰፊ ሜዳ ላይ የሰፈሩት ጎረቤቶቹ ከጥቂቶች በቀር ነጮች ነበሩ። ይህ የከተማ ልጅ በልምድ ማነስ የማይረቡ በቅሎዎችና ፈረሶች ገዝቶ ሲያርስ ባዩት ጊዜ ሣቁበት፤ ብዙ ሳይቈይም ጥሎ ይሄዳል ብለው አሰቡ። እርሱ ግን ጥሎ አልሄደም። ማረሱን እየሠራ ተማረው፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ይዞታውን አስፋፋ። የሣቁበትም ሰዎች ወዳጆቹ ሆኑ።

ነገር ግን መከራ ሲመጣ ብቻውን አይመጣም። በ1910 ዓ.ም. የአንድ የቺካጎ ሰባኪ ልጅ አገባ። የመጀመሪያ ልጃቸው ሞቶ ተወለደ፤ ሚስቱም ወደ አባቷ ቤት ሄዳ በዚያው ቀረች። በዚህ ላይ በአገሩ ድርቅ ገባ፤ ሰብሉ ጠወለገ፤ የባንክ ዕዳም ተከማቸ። በመጨረሻም ያ በላቡ ያቀናው መሬት ከእጁ ወጣ።

በዚህ ጊዜ ሌላ ሰው ቢሆን ወደ ባቡር ሥራው በተመለሰ ነበር። ሚሾ ግን ብርዕና ወረቀት አንሥቶ የደረሰበትን ሁሉ መጻፍ ጀመረ። «ድሉ» የተባለውን የመጀመሪያ መጽሐፉን ስሙን ሳይገልጽ በ1913 ዓ.ም. በነብራስካ፥ ሊንከን ከተማ ውስጥ አሳተመ። ለማሳተሚያ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረው፥ መጽሐፉ ገና ሳይታተም ወደ ጎረቤቶቹ ቤት እየዞረ የግዢ ትእዛዝ ተቀበለ። እነዚያው ማረስ አይችልም ብለው የሣቁበት ገበሬዎች የመጀመሪያዎቹ ደንበኞቹ ሆኑ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ይዞ ወደ ደቡብ ክፍላተ ግዛት ወርዶ በየቤቱ እያንኳኳ ሸጠ። በ1915 ዓ.ም. ሁለተኛውን፥ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ «መሬት አቅኚው» የተባለውን ሦስተኛ መጽሐፉን አወጣ።

አሁን የሕይወቱ ታላቅ መታጠፊያ ወደ ሆነው ነገር ደረስን። በ1918 ዓ.ም. ሊንከን የተባለ የጥቁሮች የፊልም ኩባንያ «መሬት አቅኚው»ን አይቶ ታሪኩን ፊልም ሊያደርገው ፈለገ። ይህ ለአንድ በየደጁ ለሚዞር ደራሲ እንዴት ያለ ደስታ እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም። ሚሾ ግን አንድ ነገር ጠየቀ። የጻፈው የራሱን ሕይወት ነውና ፊልሙ ሲዘጋጅ ዲሬክተሩ እርሱ ራሱ እንዲሆን ፈለገ። የኩባንያው ሰዎች ፊልም ሠርቶ ለማያውቅ ገበሬ ይህን ኀላፊነት መስጠት አልወደዱም፤ ስለዚህ ውሉ ፈረሰ። በእውነት ለመፍረድ ያህል የእነርሱም ሥጋት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ሚሾ እስከዚያ ቀን ድረስ ፊልም ሠርቶ አያውቅም ነበርና።

ይሁን እንጂ ሚሾ ቀድሞ ማረስም አያውቅም ነበር፤ መጽሐፍ ማሳተምም አያውቅም ነበር። ስለዚህ የራሱን የፊልምና የመጽሐፍ ኩባንያ አቋቋመ፤ አክሲዮን አሳተመና ሻንጣውን ይዞ እንደ ልማዱ ወደ ገበሬዎቹ ሄደ። አይዎዋ ውስጥ በምትገኘው በሲዩ ከተማ አካባቢ የሚኖሩ ገበሬዎች አንዱን አክሲዮን ከ75 እስከ 100 ዶላር ገዙት። ከእነዚህም የሚበዙት ነጮች ነበሩ። በዚህ ገንዘብ «መሬት አቅኚው» ተሠርቶ በፌብሩዋሪ 20 ቀን 1919 ዓ.ም. በቺካጎ ታየ። ይህም በአንድ ጥቁር አሜሪካዊ የተዘጋጀ የመጀመሪያው ሙሉ ርዝመት ያለው ፊልም መሆኑን የሲኒማ ታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ። ሦስት የከተማው ሰባኪዎች ፊልሙ የሃይማኖት አባትን ያዋርዳል ብለው ስለ ከሰሱት ለጊዜው እንዳይታይ ተከልክሎ ነበር። ተመርምሮ በተፈቀደ ጊዜ ሚሾ ያንኑ ክስ ማስታወቂያ አድርጎ በጋዜጣ አወጣውና ተመልካቹ እጅግ በዛ።

እዚህ ላይ የዘመኑን ሁኔታ ማስረዳት ይገባል። በዚያ ጊዜ በአሜሪካ ጥቁርና ነጭ በብዙ ቦታ ተለያይተው ይኖሩ ነበር። ጥቁሮች ሲኒማ ለማየት ሲፈልጉ ወይ ወደ ላይኛው ሰገነት ይወጣሉ፥ ወይ ለእነርሱ ብቻ ወደ ተሠሩ ሲኒማ ቤቶች ይሄዳሉ፥ አለዚያም ነጮቹ ከወጡ በኋላ በእኩለ ሌሊት እንዲገቡ ይደረጋል። በመጋረጃው ላይ የሚያዩት ጥቁር ሰውም ወይ አገልጋይ፥ ወይ ሞኝ፥ ወይ ወንጀለኛ ነበር። በ1915 ዓ.ም. ግሪፊዝ የተባለው ዝነኛ ዲሬክተር «የአንድ ሕዝብ ልደት» የሚባል ፊልም አወጣ። በዚህ ፊልም ውስጥ ኩ ክሉክስ ክላን የሚባሉት ጥቁሮችን የሚያሳድዱ ሰዎች እንደ ጀግኖች ታይተዋል፤ ፊታቸውን ጥላሸት የተቀቡ ነጮችም ጥቁሮችን መስለው ተጫውተዋል። ፊልሙ በቴክኒክ ረገድ እጅግ የተደነቀ ስለ ነበር የያዘው ሐሰት ብዙ ሰው ዘንድ እንደ እውነት ተቈጠረ።

ሚሾ በ1920 ዓ.ም. «በደጃችን ውስጥ» የተባለውን ሁለተኛ ፊልሙን ያወጣው በዚህ ጊዜ ነው። ብዙ ሊቃውንት ይህን ፊልም ለግሪፊዝ እንደ ተሰጠ መልስ አድርገው ያዩታል። እኔም በቤተ መጻሕፍታችን ኮምፒዩተር ላይ ያየሁት ይህን ፊልም ነው። ድምፅ የለውም፤ ንግግሩ በጽሑፍ እየታየ ያልፋል። ታሪኩ ስለ አንዲት ጥቁር መምህርት ሲሆን፥ ስሟ ሲልቪያ ላንድሪ ይባላል። በደቡብ አገር ያለው የድሆች ልጆች ትምህርት ቤት ገንዘብ አጥቶ ሊዘጋ ስለ ሆነ፥ 5,000 ዶላር ለመለመን ወደ ሰሜን ትሄዳለች። በመጨረሻም አንዲት ባለጸጋ ሴት ከተለመነችው በላይ 50,000 ዶላር ሰጥታ ትምህርት ቤቱን ታድነዋለች።

ከዚያ በኋላ ግን ፊልሙ ወደ ኋላ ተመልሶ የሲልቪያን የቀድሞ ኑሮ ያሳያል። አሳዳጊዎቿ የሌላ ሰው መሬት የሚያርሱ ጭሰኞች ነበሩ። እርሷ ስለ ተማረች የአባቷን ሒሳብ ጻፈችለትና፥ አባቷ ወረቀቱን ይዞ ከባለ መሬቱ ጋር ለመተሳሰብ ሄደ። በዚያው ሰዓት በሌላ በደል የተቈጣ አንድ ነጭ ድኻ በመስኮት ተኩሶ ባለ መሬቱን ገደለው። ወንጀሉ ግን በሲልቪያ አባት ላይ ተላከከ፤ ባልና ሚስቱም ያለ ፍርድ በሕዝብ እጅ ተሰቀሉ። ይህን ክፍል ባየሁ ጊዜ ኮምፒዩተሩን አቁሜ ጥቂት ተቀመጥሁ። በትምህርት ቤት ደብተር ላይ የተጻፈ እውነተኛ ሒሳብ ሰውን ለሞት የሚያደርስበት ዘመን እንደ ነበረ አስቤ አላውቅም ነበርና።

ፊልሙ በቺካጎ ሊታይ የታቀደው ከተማው ከባድ ቍስል ባለበት ጊዜ ነበር። በጁላይ 1919 ዓ.ም. በነጮችና በጥቁሮች መካከል በተነሣው ረብሻ 38 ሰዎች ሞተው ነበር። መርማሪዎቹም ይህ ፊልም ቢታይ ረብሻው እንደ ገና ይነሣል ብለው ፈሩ። እንዳይታይ ከሚከራከሩት መካከል ጥቁሮችም ነበሩ። ሌሎች ግን በእውነት የሚደረገውን ነገር በፊልም ማሳየት ነውር ሊሆን አይገባም ሲሉ ተሟገቱ። ከብዙ ክርክር በኋላ በጃንዋሪ 1920 ዓ.ም. ተፈቀደ። በሌሎች ከተሞች ደግሞ አንዳንዱ ቦታ ተቈርጦ ታየ፤ በደቡብ አገርም እምቢ ያሉ ሲኒማ ቤቶች ነበሩ።

የሥራው አካሄድ ምን እንደሚመስል ባነበብሁ ጊዜ እጅግ ተገረምሁ። ሚሾ ቁመተ ረጅም፥ ደንዳና ሰው ነበረ፤ በክረምትም ረጅም የጠጕር ካፖርት ይለብስ ነበር። የሚቀጥለውን ፊልም ድርሰትና የተዋናዮቹን ፎቶግራፍ በመኪናው ጭኖ ከከተማ ወደ ከተማ ይሄዳል። የሲኒማ ቤቱን ባለቤት ቁጭ አድርጎ ገና ያልተሠራውን ፊልም ይተርክለታል፤ ቅድሚያ ክፍያም ይቀበላል። በዚያ ገንዘብ ፊልሙን ይሠራል፤ ሲያልቅም ራሱ ይዞ ይዞራል። ስቱዲዮ መከራየት ሲያቅተው የወዳጆቹን ሳሎን ይለምናል። የፊልም ጥቅል ውድ ስለ ሆነ አንድ ትርኢት ብዙ ጊዜ የሚነሣው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ተዋናዩ ቃሉን ቢስትም እንደ ሳተ ይቀራል። በ1926 ዓ.ም. ያገባት አሊስ ራስል ደግሞ ተዋናይት ነበረች፤ በፊልሞቹ ውስጥ ትጫወታለች፥ በሥራውም ሁሉ ታግዘዋለች።

በዚህ ዓይነት በ1925 ዓ.ም. «ሥጋና ነፍስ» የተባለውን ፊልም አወጣ። ኋላ በዘፈንና በቴአትር ዓለም ሁሉ ያወቀው ፖል ሮብሰን ለመጀመሪያ ጊዜ በፊልም የታየው በዚህ ሥራ ነው። ሮብሰን በአንድ ፊልም ሁለት ሰው ሆኖ፥ አስመሳይ ሰባኪና ቅን ወንድሙን ሆኖ ተጫወተ። በ1928 ዓ.ም. ግን የሚሾ ኩባንያ ከሰረ። በዚያው ዘመን ድምፅ ያለው ፊልም ስለ መጣ ወጪው በእጥፍ ጨመረ፤ አብዛኞቹ የጥቁር ፊልም ኩባንያዎችም ተዘጉ። ሚሾ ግን እንደ ገና ተነሥቶ በ1931 ዓ.ም. «ስደተኛው» የተባለውን ድምፅ ያለው ፊልም አወጣ። ይህም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ንግግር ያለበት፥ በጥቁር አሜሪካዊ የተዘጋጀ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ነው። ለዚህ ሥራ ገንዘቡን ያገኘው በኒው ዮርክ ሐርለም ሠፈር ሲኒማ ቤት ከነበራቸው ነጮች ነበር። ሽርክናው ግን በክርክር ፈረሰ።

ይህን ሁሉ ስል ሚሾ ጕድለት አልነበረበትም ማለቴ አይደለም። የታሪክ ጸሐፊ የሚወደውን ሰው ነውር ከሸፈነ አንባቢውን ይበድላል። ብዙ ፊልሞቹ በጥድፊያ የተሠሩ መሆናቸው ያስታውቃል፤ መብራቱ ይደበዝዛል፥ ታሪኩም አንዳንድ ቦታ ይቈረጣል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ከራሱ ወገኖች የመጣው ወቀሳ ነው። መልካሙን ሰው ሆነው የሚጫወቱት ብዙ ጊዜ መልካቸው ፈካ ያሉ ተዋናዮች ነበሩ፤ ጥቍረት የበዛበት ሰው ግን ክፉ ሆኖ ይታያል የሚል ቅሬታ ተነሣ። በ1938 ዓ.ም. «የእግዚአብሔር የእንጀራ ልጆች» የተባለው ፊልሙ በኒው ዮርክ ሲታይ ሰላማዊ ሰልፍ ተደርጎበት ከሲኒማ ቤቱ ወረደ። የወገኑን ክብር ለማስመለስ የተነሣ ሰው ወገኑን አዋረደ ተብሎ መከሰሱ እንዴት መራራ ነው! ነገር ግን ከሳሾቹም እውነት ነበራቸው። አንድ ሰው የሚታገለውን ክፉ አስተሳሰብ ራሱም ሳያውቅ በውስጡ ሊሸከመው እንደሚችል ከዚህ ተምሬያለሁ።

በ1940ዎቹ ዓመታት ሚሾ ወደ መጽሐፍ ተመልሶ አራት ልብ ወለዶች ጻፈ፤ እንደ ወጣትነቱም ይዞ እየዞረ ሸጣቸው። በ1948 ዓ.ም. በቀረው ኀይሉ ሁሉ «ክሕደት» የተባለውን የመጨረሻ ፊልሙን አዘጋጀ። ከሦስት ሰዓት በላይ የሚፈጀው ይህ ፊልም በኒው ዮርክ ሲታይ የጋዜጣ ሐያስያን አጣጣሉት፤ ተመልካችም አጣ። በማርች 25 ቀን 1951 ዓ.ም. በሰሜን ካሮላይና፥ ሻርለት ከተማ ለሥራው ጉዳይ እንደ ተጓዘ በ67 ዓመት ዕድሜው በልብ ሕመም ዐረፈ። የተቀበረውም ቤተ ሰቦቹ ባረፉበት በካንሳስ፥ ግሬት ቤንድ ከተማ ነው።

በ30 ዓመት ጊዜ ውስጥ ከ40 የሚበልጡ ፊልሞችን ሠርቶ ነበር። ከሞተ በኋላ ግን የሚጠብቃቸው ስላልነበረ አብዛኞቹ ጠፉ። ያ የመጀመሪያው «መሬት አቅኚው» እንኳ ዛሬ የለም። ድምፅ ከሌላቸው ሥራዎቹ የተረፉት ሦስት ብቻ ናቸው። «በደጃችን ውስጥ» የተባለውም ለብዙ ዘመን ጠፍቷል ተብሎ ከቈየ በኋላ፥ አንድ ቅጂ በስፔን አገር፥ ማድሪድ ከተማ በሚገኘው የፊልም መዝገብ ቤት ተገኘ። በቅጂው ላይ ያለው ጽሑፍ ወደ ስጳንኛ ተተርጕሞ ስለ ነበር፥ የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሊቃውንት መልሰው ወደ እንግሊዝኛ ተርጕመው በ1993 ዓ.ም. አደሱት። ዛሬ በጥቁር አሜሪካዊ ከተዘጋጁት ረጅም ፊልሞች ውስጥ ከተረፉት ሁሉ ቀደምቱ ይህ ነው። በ1987 ዓ.ም. በሆሊውድ ጎዳና ላይ በስሙ ኮከብ ተተከለለት፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቤት መልኩን በቴምብር አወጣው።

የዚህ ሰው መንገድ ለእኛ ለኢትዮጵያውያንም እንግዳ አይደለም። ጎንደር የተወለደው ዲሬክተር ኀይሌ ገሪማ በ1993 ዓ.ም. ስለ ባርነት የሚናገረውን «ሳንኮፋ» የተባለውን ፊልሙን ባወጣ ጊዜ፥ የአሜሪካ ፊልም አከፋፋዮች ሊቀበሉት አልፈለጉም። እርሱም ከወዳጆቹ ጋር ሆኖ ከከተማ ወደ ከተማ ሲኒማ ቤት እየተከራየ ፊልሙን ራሱ አሳየ፤ ሕዝቡም ተሰልፎ አየለት። ኋላም በዋሽንግተን ከተማ በፊልሙ ስም የተጠራ የመጽሐፍ መደብር ከፈተ። ፊልምና መጽሐፍ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲገናኙ የሚሾን ኩባንያ ማስታወሱ አይቀርም።

ክረምቱ አልቆ ትምህርት ሲከፈት ወረቀቱን ለሰጡኝ መምህር የተማርሁትን ነገርኋቸው። እኔ ቀድሞ ነጻ ሥራ የሚባለው ከማንም ምንም ሳይቀበሉ ብቻን የሚሠራ ሥራ ይመስለኝ ነበር። ሚሾ ግን ዕድሜውን ሁሉ ባለ ዕዳ ነበር። መጽሐፉን ገና ሳያዩ ለከፈሉት ገበሬዎች፥ ፊልሙን ገና ሳያዩ ላመኑት ሲኒማ ቤቶች ዕዳ ነበረበት። ነጻነቱ የማን ባለ ዕዳ እንደሚሆን ራሱ በመምረጡ ነው። ፈቃድ የሚሰጠውን ትልቅ ሰው ደጅ በመጥናት ፈንታ ፊልሙን የሚያየውን ተራ ሰው ደጅ አንኳኳ። ያ ዕዳም ሥራውን እንዳይተወው አሰረው። እኛ ግን የማንም ዕዳ ስላልነበረብን ድርሰታችንን መተው ቀላል ሆነልን።

ስለዚህ በጥር ወር ገና ላልተሠራ ፊልም ቲኬት አዘጋጅተን አንዱን በ20 ብር መሸጥ ጀመርን። የመጀመሪያውን ቲኬት የገዙት አባቴ ናቸው። ብሩን ሲሰጡኝ ፊልሙ ሳያልቅ ከቀረ ገንዘባቸውን ከነወለዱ እንደሚያስመልሱኝ ሣቅ እያሉ አስጠነቀቁኝ። ከዚያ በኋላ በየጎረቤቱ ዞርን፤ የሣቁብን ነበሩ፥ የገዙንም ነበሩ። በድምሩ 84 ቲኬት ሸጥን። በዚያ ገንዘብ የድምፅ መቅጃ ገዛን፤ ካሜራው ግን የአንዱ ጓደኛችን ታላቅ እኅት ስልክ ነው። ቀረጻውን በትንሣኤ ዕረፍት ጨረስን። በአንድ ክፍል ውስጥ ነፋሱ ንግግሩን ይሸፍነዋል፤ በሌላው ደግሞ ፀሐይ ስለ ጠለቀች የእናቲቱ ፊት በደንብ አይታይም። ቢሆንም የገጠሯ ልጅ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ ለመግባት ስታመነታ ይታያል፤ ይህ ትርኢት ባለፈው ዓመት በደብተሬ ውስጥ እንጂ በሌላ በየትም ቦታ አልነበረም።

ፊልሙ በዓመቱ መዝጊያ በዓል ዕለት በአዳራሻችን ይታያል። ቲኬት የገዛችሁ ወላጆችና መምህራን እንደምትገኙ ተስፋ አለን፤ ጕድለቱንም ሳትሸሽጉ እንድትነግሩን እንለምናችኋለን። ወቀሳችሁን እንደ ሚሾ መራራም ቢሆን እንቀበላለን። የሚቀጥለውን ፊልም ድርሰት ጀምረናልና፥ በክረምቱ ቲኬት ይዘን በራችሁን ብናንኳካ አትደነቁ።